ከመቁረጥ በፊት

አባቴ ወሎ ሰፈር በራችን ላይ የሚያቆማት ቶዮታ ዲኤክስ የስፖርት መኪና እንድትመስል ብለን ከወንድሜ ጋር ሞላዎቿን ሁለት ሁለት ዙር በግራይንደር ቆረጥናቸው። በአስፋልቱ እስከ ጎተራ ስንነዳት አማረብን። ማታ እማዬን ጭነን ሰፈር ስንገባ ግን ኮብልስቶኑ ላይ ወገቧን ይዛ "ኧረ አውርዱኝ!" አለች።

ነገሩ የገባኝ ክፍል ውስጥ ነው። ሞላ ዙሩ ሲቀንስ ይደድራል፤ ከ10 ዙር 2 ቢቆረጥ እኩል ለመጫን የሚያስፈልገው ኃይል በ25 በመቶ ይጨምራል። የሚሸመቀቅበት ቦታም ያጥራል። ስሌቱን ለአባቴ አሳየሁት።

"ከመቁረጥህ በፊት ብታሰላው ምን ነበረበት?" አለኝ።

ያገለገሉ ሞላዎች ከሶማሌ ተራ በኪሳችን ገንዘብ ገዝተን ገጠምን። እማዬ ግን ዛሬም ከመሳፈሯ በፊት "ሞላው አልተነካም አይደል?" ትላለች።