«ፈተናውን አልፏል»

እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2008፣ ዓርብ፣ ዋሽንግተን። ቲም ራሰርት በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቢሮ ውስጥ ለእሁዱ ፕሮግራም ድምፁን እየቀዳ ሳለ ወደቀ። ባልደረቦቹ ተረባረቡ፣ አምቡላንስ መጣ፣ ሆስፒታል ተወሰደ። አልተረፈም። ዕድሜው 58 ነበር።

የአሜሪካን ፖለቲካ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ራሰርትን ያውቀዋል። ከ1991 ጀምሮ «ሚት ዘ ፕሬስ»ን የመራ፣ ፖለቲከኛን የገዛ ንግግሩን እያነበበ የሚያፋጥጥ፣ በ2000 የምርጫ ሌሊት በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ «ፍሎሪዳ» እያለ የጻፈው ሰው ነው። ያን ሰሞን ልጁ ከኮሌጅ ተመርቆለት ከቤተሰቡ ጋር ጣሊያን ደርሶ መመለሱ ነበር። በምርጫ ፉክክር ላይ የነበሩት ኦባማና ማኬይን ሁለቱም ሽኝቱ ላይ ተገኙ።

ብዙ ሰው ያስደነገጠው ግን ሌላ ነገር ነው። ሰውየው ልቡን ችላ ያለ ሰው አልነበረም። የልብ ደም ቧንቧ ሕመም እንዳለበት ያውቅ ነበር። መድኃኒት ይወስዳል፣ ስፖርት ይሠራል፤ በሞተበት ዕለት ጠዋት እንኳ ትሬድሚል ላይ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኤፕሪል 29 ቀን ስትረስ ቴስት ተደርጎለት አልፏል። ከፈተናው እስከ ሞቱ 45 ቀን ብቻ።

ታዲያ ምርመራው ምን ዋጋ አለው? ያኔ በየጋዜጣው የተነሳው ጥያቄ ይህ ነበር። «ቼክአፕ አድርጌ ልብህ ነጻ ነው ተባልኩ» ብሎ ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ሊያነሳው የሚገባ ጥያቄም ነው።

ስትረስ ቴስት ምን እንደሆነ ያላየ አለና በአጭሩ እንዲህ ነው። ደረት ላይ የኢሲጂ ሽቦዎች ይለጠፋሉ፣ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ትሬድሚል ላይ መራመድ ይጀመራል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት አካሄድ ሲያትል ውስጥ ይሠሩ በነበሩት ሐኪም በሮበርት ብሩስ ስም ይጠራል። መጀመሪያ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ 10 በመቶ አቀበት። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም አቀበቱም ይጨምራል። የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ እንዲደርስ ይፈለጋል፤ ለ58 ዓመት ሰው በደቂቃ 138 አካባቢ ማለት ነው። ጉልበቱን የሚያመው ወይም መራመድ የማይችል ሰው ደግሞ ተኝቶ ልብን የሚያስሮጥ መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ አንድ ቧንቧ ሲከፈት ውሃው አራተኛ ፎቅ ድረስ ደህና ይመጣል። ጠዋት ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲከፍት ግን የላይኛው ፎቅ ሰው ባልዲውን ይዞ ይቀራል። የመስመሩ ጥበት የሚታወቀው ፍላጎት ሲጨምር ነው። የልብ ጡንቻን የሚመግቡት ቧንቧዎችም እንዲሁ ናቸው። ሰውየው ቁጭ ብሎ ኢሲጂ ሲነሳ፣ በጣም የጠበበ ቧንቧ ያለው ሰው እንኳ ፍጹም ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ሲሮጥ ግን ደም ያጠረው የጡንቻ ክፍል በኢሲጂው መስመር ላይ ምልክት ያሳያል። ከኢሲጂው ጋር ኢኮ ወይም የኑክሌር ምስል ከታከለበት ደግሞ የትኛው የልብ ክፍል እንደተራበ በዓይን ይታያል።

ስለዚህ ስትረስ ቴስት የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ዛሬ፣ በዚህ ሩጫ፣ ደም ያነሰው የልብ ክፍል አለ ወይ?» የራሰርት ልብ ለዚህ ጥያቄ ኤፕሪል 29 ቀን «የለም» ብሎ መለሰ። ምናልባትም ትክክል ነበር።

ሰው ሁሉ የሚያስበው የልብ ድካም በድንገት የሚመጣው ቧንቧው ቀስ በቀስ ጠብቦ ጠብቦ በመጨረሻ ሲዘጋ ነው ብሎ ነው። የሚሆንበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ግን ነገሩ ከቧንቧ ዝገት ይልቅ ብጉንጅን ይመስላል። ስቡ የሚከማቸው በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ነው። ግድግዳው መጀመሪያ ወደ ውጭ ያብጣል እንጂ የደሙን መንገድ አያጠብም። በ1987 ግላጎቭ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው የሞቱ ሰዎችን ልብ መርምረው እንዳሳዩት፣ ክምችቱ ወደ 40 በመቶ እስኪደርስ ድረስ የደሙ መንገድ እምብዛም አይጠብም። ታዲያ ከላይ የሸፈነው ስስ ቆዳ አንድ ቀን ይቀደዳል። ሰውነት ቁስል መስሎት ደሙን እዚያው ያረጋል። ትናንት ደህና ይፈስ የነበረ ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይደፈናል።

በራሰርት አስከሬን ምርመራ የተገኘው ይኸው ነው። በግራ በኩል የልብን ፊት የሚመግበው ትልቁ ቧንቧ ውስጥ የነበረ የስብ ክምችት ተቀዶ ደም ረግቶበታል። ትሬድሚሉ ገና ያልፈነዳ ብጉንጅ አያይም። ለዚያ የተሠራም አይደለም።

ለሥራው ለተሠራለት ነገርም ቢሆን እንከን የለሽ አይደለም። በኢሲጂ ብቻ የሚደረገው ስትረስ ቴስት፣ ከባድ ጥበት ካለባቸው 3 ሰዎች አንዱን ገደማ ሳያይ ያሳልፋል። በሌላ በኩል፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ ያልታመመውን «አለብሽ» ብሎ የሚያስደነግጥበት ጊዜ አለ።

«እንግዲያው ለምን ቧንቧውን ራሱን አያዩትም?» የሚል ይኖራል። ማየት ተችሏል፤ ያውም በስህተት ነው የተጀመረው። በ1958 ክሊቭላንድ ክሊኒክ ውስጥ ሜሰን ሶንስ የተባሉ ሐኪም የቫልቭ ችግር የነበረበትን የ26 ዓመት ወጣት እየመረመሩ ነበር። ቀለሙ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ መገፋት ሲገባው የካቴተሩ ጫፍ ሸርተት ብሎ የልብ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ኖሮ ቀለሙ በሙሉ እዚያ ፈሰሰ። በዘመኑ እንዲህ ያለው ነገር ይገድላል ተብሎ ይታመን ነበር። ልቡም ቆመ። ሶንስ ወጣቱን «ሳል!» አሉት። ሳለ፤ ልቡ ተመልሳ መታች። አንጂዮግራም የሚባለው ምርመራ የተወለደው እንዲህ ነው።

(በየጊዜው በቴሌግራም የሚዞረው «ብቻህን ሆነህ ልብህ ከቆመ በኃይል ሳል» የሚል መልእክት ከዚህ ዓይነቱ የሆስፒታል ክፍል የወጣ ነው። እዚያ በሽተኛው ኢሲጂ ላይ ነው፣ ሐኪሙ አጠገቡ ቆሟል፣ ትእዛዙም በዚያው ሰከንድ ይሰጠዋል። ቤቱ ደረቱን ለያዘ ሰው ማሳል እርዳታ ከመጥራት የሚያዘገይ ነገር ነው። መልእክቱን አታስተላልፉት።)

ዛሬ ካቴተር ሳይገባም በሲቲ ስካን የልብ ቧንቧዎችን ማየት ይቻላል። ከዚያም ቀለል ያለ አለ። በ1990 አርተር አጋትስተን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በስቡ ክምችት ላይ የተጋገረውን ካልሲየም በሲቲ ቆጥሮ ቁጥር የሚሰጥ ዘዴ አወጡ። ዜሮ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሕመሙ ብዙ ነው። ራሰርት በ1998 ይህን ምርመራ አድርጎ ነበር። ውጤቱ 210። ያኔ የ48 ዓመት ሰው ነው። ለዚያ ዕድሜ ዝቅተኛ ቁጥር አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ሕመም አለ የሚል፣ የ10 ዓመት ዕድሜ ያለው። ሌላው ዛሬ የደም እጥረት የለም የሚል፣ የ45 ቀን። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አይቃረኑም። ከሞቱ በኋላ ሐኪሙ ለምን አንጂዮግራም አላዘዘለትም ተብሎ ተወቅሷል። ወቀሳው ግን ቀላል መልስ የሚገኝለት አይደለም። ታይቶስ ቢሆን? ጥበት ሳያስከትል የተቀመጠ ክምችት ሁሉ ስቴንት አይገባበትም፤ የትኛው እንደሚቀደድም አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የማይሰማው ነገር አለ። በ2020 የታተመ «ኢስኬሚያ» የሚባል ትልቅ ጥናት አለ፤ 37 አገሮች፣ 5,179 በሽተኞች። ሁሉም በስትረስ ምርመራ መካከለኛ ወይም ከባድ የደም እጥረት የታየባቸው ናቸው። ግማሾቹ ቶሎ አንጂዮግራም ተነስተው እንዳስፈላጊነቱ ስቴንት ወይም ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ግማሾቹ መጀመሪያ በመድኃኒት ብቻ ተያዙ። ከ3 ዓመት በላይ ተከታትለዋቸው በሞትና በልብ ድካም ብዛት ለየት ያለ ነገር አላገኙም። የደረት ሕመም ለነበረባቸው ሰዎች ስቴንቱ ሕመሙን በደንብ አቅሎላቸዋል፤ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ጥናቱ ግን አሁን በድንገተኛ ሁኔታ ላይ ያለውን ሰው አይመለከትም፤ ለዚያ ሰው ቧንቧውን ቶሎ መክፈት ሕይወት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ በ2018 ስኮትላንድ ውስጥ የወጣው ጥናት ደግሞ በሌላ በኩል ያስገርማል። የደረት ሕመም ይዟቸው ከመጡ 4,146 ሰዎች ግማሾቹ ከተለመደው ምርመራ በተጨማሪ የልብ ቧንቧ ሲቲ ተነሱ። በ5 ዓመት ውስጥ በልብ ቧንቧ ሕመም የሞቱ ወይም የልብ ድካም የያዛቸው በሲቲው ወገን 2.3 በመቶ፣ በሌላው 3.9 በመቶ። በ5 ዓመቱ ሲታይ ሲቲ የተነሱት ከሌሎቹ የበለጠ ስቴንት አልገባላቸውም። የበለጠ የታዘዘላቸው ስታቲንና አስፒሪን ነው። የቧንቧውን ሕመም በዓይናቸው ያዩ ሐኪሞች መድኃኒቱን አጠንክረው ሰጡ፤ የራሱን ቧንቧ ያየ በሽተኛም ክኒኑን ለመዋጥ ምክንያት አገኘ። ሥዕሉ የረዳው በዚህ በኩል ይመስላል።

በኢትዮጵያ የልብ ሕመም ሲባል ለብዙ ዓመታት ቀድሞ የሚታሰበው ሌላ ነው፤ በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ቫልቭን የሚያበላሸው። አሁን ግን ስኳርና ግፊት በከተማው ተስፋፍተዋል፤ የልብ ቧንቧ ሕመምም አብሮ መጥቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ትሬድሚሉም፣ ኢኮውም፣ ሲቲውም፣ በጥቂት ቦታ አንጂዮግራሙም አለ። አቅም ያለው ባንኮክ ወይም ዴልሂ ሄዶ «ሙሉ ቼክአፕ» አድርጎ ይመለሳል። የሚመለሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ይዞ ነው፤ «ነጻ»።

ይህ «ነጻ» የሚባል ቃል ከልብ ምርመራ ክፍል ቢወጣ ብዙ ሰው ይጠቀም ነበር። ሐኪሙ ሲናገረው «ዛሬ ሮጠህ ደም ያጠረው ቦታ አላየሁም» ማለቱ ነው። ሰሚው የሚሰማው «ልብህ ሕመም የለበትም» ነው። በዚህ መሃል ሰውየው የኮሌስትሮል ክኒኑን ያቆማል፣ ሲጋራውን ይመለስበታል፣ ሚስቱም «ነጻ ተብሏል» ብላ ትታው ትቀመጣለች። ከዚያ ደረቱን ሲጨንቀው «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ጨጓራ በዚህ አገር የማይሸፍነው ሕመም የለም።

ጨጓራ ማለት የአበሻ ብቻ እንዳይመስል፣ ቢል ክሊንተንም ብሎታል። በየዓመቱ የሚመረመር ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው፣ ስፖርት ሲሠራ ደረቱን የሚይዘውን ነገር ለወራት ቃር ነው፣ ሰውነቴ ስለሰነፈ ነው ሲል ቆየ። በ2004 ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይ ግን ሳይንቀሳቀስ ቁጭ ባለበት ጨነቀው፤ ሆስፒታል ሄደ። የመጀመሪያው ቀን ምርመራ ምንም አላሳየም። ሐኪሞቹ ግን ወረቀቱን ትተው የሰውየውን ስሞታ ሰሙ፤ በማግስቱ አንጂዮግራም ተነሳ። ከ90 በመቶ በላይ የተዘጉ ቧንቧዎች ተገኙ። ከቀናት በኋላ አራት ቦታ የቧንቧ ቅያስ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እሱም ያኔ 58 ዓመቱ ነበር።

ክሊንተንን ያዳነው የተሻለ ማሽን ብቻ አይደለም፤ ራሰርት ያልነበረው ነገር ነበረው፤ ምልክት። ምልክት ሲኖር ደግሞ ያለፈ ወር ወረቀት ዋጋ የለውም። በጥር ስትረስ ቴስት ያለፈ ሰው በመጋቢት ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ቢይዘው፣ የጥሩ ውጤት ስለ መጋቢት አይናገርም። ስኳር ያለበት ሰውና ሴቶች ላይ ሕመሙ ደረት ላይ ላይሆንም ይችላል፤ የትንፋሽ ማጠር፣ መንጋጋና ትከሻ፣ ማቅለሽለሽ፣ ያለ ምክንያት በላብ መጠመቅ ሊሆን ይችላል።

ምርመራ የታዘዘለት ሰው ከትሬድሚሉ ከወረደ በኋላ ሐኪሙን መጠየቅ ያለበት «ነጻ ነኝ ወይ?» ብሎ አይደለም። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም ከዕድሜዬ፣ ከግፊቴ፣ ከስኳሬ ጋር ሲደመር ስታቲን ያስፈልገኛል ወይ ብሎ ይጠይቅ። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ደግሞ ስቴንቱ ሕመሜን ለማቅለል ነው ወይስ ዕድሜዬን ለማርዘም ይበል፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና መልሱን የመስማት መብት አለው። ወረፋው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ይቸኩላል፤ ቢሆንም ይጠየቅ።

ደረቱን ጨንቆት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ያልተወው ሰው ግን የሚጠይቀው ጥያቄ የለም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ካልመጣ የጎረቤት መኪና፤ ራሱ ግን መሪ አይያዝ።