ይለፍ ያጣው ሞኒተር

አባቴ ግላኮማ እንዳለባቸው ከተነገረን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ «ሳይመሽ ምን ይዩ?» የሚል ሩጫ ተጀመረ። እርሳቸው ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ገብተው ያዩትን «ሎውረንስ ኦፍ አረቢያ»ን። እ.ኤ.አ. በ1962 የወጣው የዴቪድ ሊን ፊልም ነው። «ያንን በረሃ አንዴ ልየው» አሉ።

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነበር። አሜሪካ ያለችው እህቴ፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2012 ታድሶ በብሉሬይ የወጣበትን ዲስክ ገዝታ፣ ብሉሬይ ከሚያጫውት ላፕቶፕ ጋር በሰው ላከችልን። እኔ ደግሞ ለደከመ ዓይን ትልቅ ይሻላል ብዬ፣ ባለ 24 ኢንች ያገለገለ ሞኒተር ገዛሁ። ገመዱን ሰካሁ፤ ፎቶግራፉም ጽሑፉም ፍንትው ብሎ ታየ። አባባን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ዲስኩን ስከት ግን ስክሪኑ ጨለመ።

ያላደረግሁት የለም። ዲስኩን በንጹሕ ጨርቅ ወለወልሁ፣ ገመድ ቀየርሁ፣ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንሁ። የጠራሁት ባለሙያ ዲስኩን ገልበጥ አድርጎ አየና «ፎርጅድ ነው» ብሎኝ ሄደ። እህቴ ከሱቅ የገዛችውን! አባባ ግን «ተወው ልጄ፣ አይቼው የለም እንዴ» ይሉኛል። ከሁሉ የከበደኝ ይኸው ነበር።

ምሥጢሩ የተገለጠልኝ በእግሬ ነው። ገመዱ አደናቀፈኝና ከሞኒተሩ ተነቀለ፤ ፊልሙ ላፕቶፑ ላይ መጫወት ጀመረ። መልሼ ስሰካው ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንቴል የሠራው ኤችዲሲፒ የሚባል ጥበቃ አለ። ምስሉ በገመድ ሲያልፍ ማንም እንዳይቀዳው ታስቦ የተሠራ ነው። የሰዓት እላፊን ዘመን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ላኪው ተቀባዩን «ቁም! ይለፍ!» ይለዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ 40 ምሥጢራዊ ቁልፎችና አንድ ለሌላው የሚነግረው መለያ ቁጥር አለው። ሁለቱ መለያቸውን ይለዋወጣሉ፤ እያንዳንዱ የባልንጀራው ቁጥር የሚያመለክተውን የራሱን ቁልፎች መርጦ ይደምራል። ድምሩ አንድ ከሆነ ምስሉ ያልፋል፤ ያም ሆኖ ጥርጣሬው አያበቃምና በየሁለት ሰከንዱ ገደማ እንደገና ይጠያየቃሉ። የእኔ ሞኒተር ይህ ጥያቄ ሳይኖር የተሠራ አሮጌ ነበር። ፎቶግራፍ ይለፍ ስለማይጠየቅበት አሳየኝ፤ ፊልሙን ከለከለኝ። በአሮጌው የቪጂኤ ገመድ ልሞክር ብል ፕሮግራሙ ጭራሽ እምቢ አለ፤ በዚያ መንገድ ጠያቂም ተጠያቂም የለምና።

የሚያናድደው፣ የዚህ ጥበቃ ዋና ቁልፍ እ.ኤ.አ. መስከረም 2010 ለዓለም ተዘርግፎ ነበር፤ ኢንቴልም እውነት ነው ብሎ አምኗል። ሌባው በር ሰብሮ ከገባ ቆይቷል፤ ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠየቀው ዋጋውን የከፈለው ሰው ነው። የተቀዳውን ፊልም ከመንገድ ዳር በጥቂት ብር ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ያ ሞኒተር አንዲት ቃል አይተነፍስም ነበር። ዛሬ የሚሸጡት ሞኒተሮች አብዛኞቹ ይለፋቸውን ይዘው ነው የሚመጡት። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ግን ከኢንቹ በፊት ይህን ቢጠይቅ ይበጀዋል።

ሌላ ሞኒተር እስክፈልግ አባባ በላፕቶፑ ይዩ ብዬ፣ እያፈርሁ ባለ 15 ኢንቹን ፊታቸው አኖርሁት። «ኧረ ይሄ ነው የሚሻለኝ» አሉ። ለካ ግላኮማ አስቀድሞ የሚወስደው የጎንና የጎኑን እይታ ነው፤ መሐሉን ያቆያል። ትልቁ ስክሪን ለእርሳቸው ዳርና ዳሩ የተቆረጠ ነበር። ትንሹ ግን እንዳለ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። እኔ ይህን ሳልጠይቃቸው ስንት ቀን ከገመድ ጋር ታግያለሁ!

ዑመር ሸሪፍ ከሩቅ በግመል የሚመጣበት ቦታ ደረስን። አሸዋው ይንቀጠቀጣል፤ ሌላ ምንም የለም።

«ይኸውልህ፣ መጣ» አሉ ወደ መሐል በጣታቸው እያመለከቱ። እኔ ገና አላየሁትም ነበር።