ንጉሡ ሜዳ ላይ ያረጀው ሰው

አያቴ ስለ አያቷ ስታወራ ሁልጊዜ የምትቋጨው በአንድ ነገር ነበር፦ «እሱማ ንጉሡ ሜዳ ላይ ፈረስ ሲያዞር አረጀ።» ሶዶ ያሉት ዘመዶቻችን ሜዳው የወላይታው ንጉሥ የካዎ ጦና መቀመጫ የነበረችው ዳልቦ ናት ይላሉ። ሰውየውንም ማንም የማይቀድመው ጋላቢ አድርገው ነው የሚያወሱት። መቃብሩን ግን የሚያሳይ የለም። ዳልቦ ላይ ያረጀ ሰው ዳሞታ ተራራ ሥር ካልተቀበረ የት ገባ?

ከሶዶ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ዛሬም ፈረስ የማይለያቸው የእናቴ አጎት ዘንድ ሄድኩ። «ዳልቦ አይደለም ልጄ» አሉኝ። «ፈረንጆች ተቀምጠው የሚያዩት ግልቢያ ነበር ሲባል ነው የሰማሁት።»

የንጉሥ ሜዳ፣ ፈረንጅ ተመልካች ያለበት! ከጃንሆይ ሜዳ፣ ከዛሬው ጃን ሜዳ ሌላ የት ይሆናል? የውጭ መንግሥታት መልእክተኞችና መኳንንቱ ፈረስ የሚያሽቀዳድሙት እዚያ ነበር። ዘመኑም ይገጥማል። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ጦር፣ የጅማውን አባ ጅፋር አስከትሎ፣ ወላይታ ገባ። የንጉሥ አማዶ የመከላከያ ካብም አላቆመውም። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ዘመቻውን የተከተለው ቫንደርሄም የተባለ ፈረንሳዊ እልቂቱንና የምርኮውን ብዛት በመጽሐፉ አስፍሯል። የአያቴ አያት ከተነዱት ምርኮኞች አንዱ እንደነበረ አምናለሁ።

ግን ጋላቢ ነበር? ሽማግሌው መልስ አልሰጡኝም፤ ከገበያ ከተመለሰው ፈረሳቸው ላይ ኮርቻውን አወረዱ፤ ጀርባው ይጨሳል። ልጓሙን ይዘው በግቢው ዙሪያ ቀስ ብለው ይመሩት ጀመር። ደረቱን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ላቡ እስኪደርቅ አላቆሙትም። «እንዲህ ካልዞረ ይታመማል» አሉኝ። አያቴ «ሲያዞር» እንጂ «ሲጋልብ» ብላ አታውቅም። ግልቢያው የሌሎች ነበር፤ የእሱ ሥራ የሚጀምረው ፈረሱ ሮጦ ሲመለስ ነው።

ጃን ሜዳ ሄጄ ቆምኩበት። ታቦታቱ በጥምቀት የሚያድሩበት፣ የአገር አቋራጭ ሯጮች የሚፎካከሩበት፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሳቢያ የአትክልት ገበያ ሆኖ የነበረው ሜዳ ነው። በ1909 ዓ.ም. ከሰገሌ ጦርነት በኋላ የድል ሰልፉ በዚሁ አልፏል። የእንግሊዝ መልእክተኛ ልጅ የነበረው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በሕፃንነቱ አይቶት፣ ሲያረጅ ጽፎታል። የሕፃኑ ትዝታ ታትሞ ሲነበብ፣ ዕድሜውን እዚያው የፈጀው የእኛ ሰው በአንዲት አሮጊት አንደበት ብቻ መትረፉ ያንገበግበኛል።

ያገኘሁትን ስነግራቸው ዘመዶቼ ቅር አላቸው፤ ጋላቢያቸውን የቀማኋቸው መሰላቸው። ሽማግሌው ግን በመጪው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ስሙ ይነሣ ብለዋል። እኔም የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሲነሣ፣ ከአገሩ ተነድቶ እንደሄደም ይነገር።