«ነገ ተመለስ»

በመሥሪያ ቤቶቻችን ውስጥ በየቀኑ ከሚነገሩት ቃላት ሁሉ ያለ ድካም ከአፍ የሚወጣ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ነገ ተመለስ» የሚለው ነው። ተናጋሪውን ምንም አያስወጣውም። ሰሚውን ምን ያህል እንደሚያስከፍለው ለማወቅ ግን ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተረዳሁት በሐዋሳ ከተማ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባል ሆኜ ባገለገልሁበት ዘመን ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ተማሪዎች፣ ወይም ሥራ ከያዛችሁ ጥቂት ጊዜ የሆናችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ስለሆናችሁ፣ የዚያን ዘመን አንድ ሳምንት ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. ለየአካባቢው ምክር ቤቶች ምርጫ በተደረገ ጊዜ፣ የሰፈሬ ሰዎች ከመረጧቸው አንዱ እኔ ሆንሁ። ሐዋሳ ያን ጊዜ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ የሲዳማ ክልል የተመሠረተው ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ በ8 ክፍለ ከተሞችና በ32 ቀበሌዎች ተከፍላ ትተዳደር ነበር። የቀበሌ ምክር ቤት አባል ደመወዝ አልነበረውም፤ ቢሮም አልነበረውም። እንጀራውን የሚበላው በሌላ ሥራ ነው። ከእኛ መካከል ባለሱቅም፣ ጡረተኛም፣ የጤና ሠራተኛም፣ እንደ እኔ ያለ አስተማሪም ነበረ።

«ቀበሌ» የሚለው ስም በከተሞቻችን ውስጥ የገነነው በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው ተቋቋሙና ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነውን ቤቶች እንዲያስተዳድሩ ተሰጣቸው፤ «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋውጧል። ሕዝቡ ግን መታወቂያ ሲፈልግ፣ ልጅ ሲወለድለት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር ሲጣላ፣ መጀመሪያ የሚያስበው ቀበሌውን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ነገሩ በወረቀት ላይ ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ሰኞ ማታ ከበሬ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ግን ልንገራችሁ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ሦስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኛል። አንዲቱ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ለማስገባት የልደት ምስክር ወረቀት ተጠይቃለች። ከጤና ጣቢያ የተሰጣት ካርድ ይበቃል ብላ ስታስቀምጠው ኖራለች። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ብዙ ሰው አልሰማም ነበር። እኔም ብሆን ከሌላ ሰው ጠይቄ ነው ያወቅሁት። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ለካህን ብቻ የተነገረ አይመስለኝም፤ ተመራጭም ከመመረጡ በፊት ሊማረው የሚገባ ብዙ ነገር አለ።

ማክሰኞ የጎርፍ ነገር ነው። ሐዋሳን የሚያውቃት ሰው ከተማዪቱ በሐይቁና በኮረብቶቹ መካከል እንደ ሰሌን ተነጥፋ መቀመጧን ያውቃል። ክረምት ሲገባ ከታቦርና ከአላሙራ የሚወርደው ውሃ መሄጃ ይፈልጋል። አንዱ ነዋሪ ቤት ሲሠራ የተረፈውን አፈር ከቦዩ ውስጥ ይጥለዋል፤ ውሃው ከሌላው ሳሎን ይገባል፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። ከስፍራው ሄዶ ከማየት በቀር መፍትሔ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት አካፋና ዶማ ይዘን እንወጣለን። አፈሩን የጣለው ሰውዬ ከሁሉም ቀድሞ ሲቆፍር ያየሁበት ቀን አለ፤ በጎረቤቱ ፊት መቆም ከቅጣት ይበልጥ ከብዶት ይሆናል።

ረቡዕ ማታ የሽምግልና ነገር ይኖራል። በሲዳማ ባህል ሽማግሌዎች ነገር ሊመለከቱ ሲቀመጡ «አፊኒ?» ይባባላሉ፤ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ሁሉ ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም። አንድ ቀን በአስተማሪነት ልማዴ ቸኩዬ ፍርዱን ልናገር ስጀምር፣ አንድ አረጋዊ እጃቸውን አንሥተው «መምህር፣ ገና አልሰማንም» አሉኝ። አፈርሁና ዝም አልሁ። የተናገሩት ቃል ትርጉሙ በሙሉ የገባኝ ግን ያን ዕለት አልነበረም።

የገባኝ በአንድ ሐሙስ ነው። ዘመኑ 2009 ዓ.ም. ነበር። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማው እየመጡ፣ ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል እየተከራዩ ይኖሩ ነበር። ያን ዕለት ማታ ከመጡት ሰዎች መጨረሻ ላይ የቀረችው ዕድሜዋ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሚሆን ልጅ ናት። በእጇ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች።

«ጋሼ፣ መታወቂያ እንዲሰጡኝ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

ሥራ አግኝታ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ይዛ እስከ ማክሰኞ እንድትቀርብ ተነግሯታል። ከትውልድ ቀበሌዋ መሸኛ አምጥታ ስታሳይ «ይህ አይሠራም» ተብላ ተመልሳለች፤ የማይሠራው ስለ ምን እንደሆነ ግን የነገራት ሰው የለም። እኔም በጠረጴዛዬ ላይ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ተከምሮ ይጠብቀኝ ነበርና «ነገ ተመለሺ፤ እናየዋለን» አልኋት። ወረቀቱን ከፌስታሉ እንኳ አላወጣሁትም።

ዓርብ ስትመጣ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ቅዳሜ ቦይ ስንጠርግ ከሩቅ አይታኝ፣ ሥራ ላስፈታው አልችልም ብላ ተመለሰች፤ ይህን በኋላ የነገሩኝ አከራይዋ ናቸው። እሑድ ከዕድር ቆየሁ። ሰኞ ማታ እንደገና መጣች። ያን ጊዜ ወረቀቱን ተቀብዬ በመብራት አየሁት። በሚገባ ተጽፏል፤ ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ ፊርማም አለው። ማኅተም ግን አላረፈበትም። ጉድለቱ ይኸው ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ማኅተም የለውም፤ ተመልሰሽ አስመቺው» አልኋት።

አገሯ በመኪናና በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ይህንኑ አንዲት ቃል ሐሙስ ማታ ብነግራት ኖሮ፣ ዓርብ ሄዳ ታስመታው ነበር፤ ሰኞ መታወቂያዋን ታወጣ ነበር፤ ማክሰኞ ከፋብሪካው በር ላይ ትቆም ነበር። እሷም ይህን ሳታሰላው አልቀረችም። ወረቀቱን መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብላኝ ሄደች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አከራይዋን በመንገድ አገኘኋቸው። «መምህር፣ ያቺ ልጅ እኮ የኪራይ ስታጣ ወደ አገሯ ገባች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አንባቢዎቼ፣ ስለዚህ ነገር ማንም አልጠየቀኝም። ጉቦ አልበላሁም፤ አልሰደብኋትም፤ ፊትም አልነሣኋትም። በየትኛው አንቀጽ እከሰሳለሁ? እንዲያውም ያን ሳምንት የሠራሁትን ብትቆጥሩት ስብሰባ ተሰብስቤያለሁ፣ ቦይ ጠርጌያለሁ፣ ሰው አስታርቄያለሁ። ሆኖም አንዲት ልጅ አራት ቀን ሙሉ ስትጠብቀኝ ለነበረው ለአንድ ደቂቃ ሥራ አልደረስሁም። በትልቅ ሥራ የተጠመደ ሰው ትንሹን ሥራ መዝለሉ እንደ ጥፋት ስለማይታየው፣ ይህ ዓይነት በደል ስም ሳይወጣለት ይኖራል።

በማግሥቱ አንድ ደብተር ገዛሁ። በገጹ ላይ ሁለት መሥመር አሰመርሁና በሦስት ከፈልሁት፤ የመጣው ሰው፣ የጠየቀው ነገር፣ መልስ የምሰጥበት ቀን። ለራሴም ሦስት ሕግ አወጣሁ። የመጣልኝን ወረቀት ባለቤቱ ሳይሄድ አነበዋለሁ። የጎደለውን በስሙ እነግረዋለሁ። የማይሆነውን አይሆንም እለዋለሁ። ሦስተኛው ከሁሉ ከበደኝ። አንድ ሽማግሌ የቀበሌ ቤት ሊጠይቁኝ መጡ። ባዶ ቤት አለመኖሩን፣ ቢኖርም የመስጠት ሥልጣን እንደሌለኝ ነገርኋቸው። ተቀይመውኝ ሄዱ። በወሩ ከልጃቸው ጋር መግባታቸውን ሊነግሩኝ መጥተው፣ «ባትነግረኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ስጠብቅህ ነበር» አሉኝ።

የምክር ቤት አባል ማኅተም የለውም፤ ለማንም መታወቂያ አይሰጥም። ያለው ጆሮና አፍ ነው። በጆሮው ከሕዝቡ ይሰማል፤ በአፉ ሥራ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። በሚቀጥለው ጉባኤ ሪፖርት ከተነበበ በኋላ እጄን አነሣሁና፣ መታወቂያ ለማውጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ተጽፎ ከግድግዳው ላይ ይለጠፍ ብዬ አመለከትሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሲዳምኛና በአማርኛ ተጽፎ ተለጠፈ። ከዝርዝሩ መካከል «ማኅተም ያረፈበት መሸኛ» የሚል ነበረበት። ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር ያችን መሥመር ሳላነብ አላልፍም ነበር።

ዛሬ ምክር ቤቱን ከተውሁ ቆይቻለሁ። እናንተ ግን ገና ጀማሪዎች ናችሁ፤ ዛሬ ባይሰጣችሁ ነገ ጠረጴዛ ይሰጣችኋል። ከፊታችሁ የቆመው ሰው ምናልባት የአንድ ቀን የቀን ሥራ ትቶ፣ የመጨረሻዋን ብር ለባጃጅ ከፍሎ መጥቶ ይሆናል። ልትረዱት ባትችሉ እንኳ ስለ ምን እንደማትችሉ ንገሩት፤ ወዴት መሄድ እንዳለበትም አመልክቱት። «ነገ ተመለስ» ከማለታችሁም በፊት ያ ሰው ነገ የሚባለው ቀን ተርፎት እንደሆነ ጠይቁት።

አበው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው የተረቱትን ብዙ ሰው እንደ ምክር ይዞታል። እኔ ከሥልጣኔ ስወርድ የቆጨኝ አለመብላቴ አይደለም። በዚያች ሐሙስ ማታ ወረቀቱን ከፌስታሉ ሳላወጣው መቅረቴ ነው።