በአንድ በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር

እኔ የኳስ ሰው አይደለሁም። ነርስ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ይሻላል፣ ጡረታ ከወጣሁ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ይሁንና ቅዳሜ ከሰዓት እኔን የፈለገ የቴፒ ሰው ቤቴ ድረስ አይደክምም። ኳስ ሜዳው ዳር፣ ዋንዛው ሥር፣ ከተጠባባቂዎቹ አጠገብ ያገኘኛል። በአካባቢያችን ያለ አንድ ኮሌጅ፣ ስሙ ይቆየን፣ ለቡድኑ የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥ ሰው ፈልጎ ከጤና ጣቢያ ሲያስጠራኝ ገና የሥራ ዘመኔ አላለቀም ነበር። ለአንድ ቅዳሜ ብዬ ሄጄ ዓመታት ቆየሁ።

ያ ኮሌጅ በኳስ የሚኮራ ነው። የዲኑ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ዋንጫዎቹ ተሰልፈዋል። ከተማው ውስጥ ባጃጅ ከሚነዱት፣ ቡናና እርድ ከሚነግዱት ጎልማሶች መካከል "እኔ በነበርኩበት ጊዜ" ብሎ የማይጀምር የቀድሞ ተጫዋች የለም። ይህን ሁሉ ያቆዩት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው። አሠልጣኝም፣ ንብረት ጠባቂም፣ አባትም ነበሩ። የማን ቤተሰብ ወር መጨረሻ ላይ እንደሚቸገር፣ ማን ጨዋታ ሳይበላ እንደሚመጣ ያውቃሉ።

አምና ኮሌጁ ጋሼን አነሳና ዲግሪ ያለው ወጣት መምህር ሾመ። ጥፋት ተገኝቶባቸው አልነበረም። አሠራሩ ይዘምን ተባለ፣ እሳቸውም ወደ ሌላ ክፍል ተመደቡ። ደብዳቤው በጸሐፊ እጅ ነው የደረሳቸው። ያን ቀን ጋሼ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ኪሳቸው ከተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አስረክቡ ቢባሉ "አስረካቢ ኮሚቴ ይቋቋምና" አሉ። ኮሚቴ ሳይቋቋም ሳምንታት አለፉ። አዲሱ ኃላፊ ደግሞ ንብረቱ ሳይቆጠር አንድ ነገር ቢጎድል በእኔ ይላከካል ብሎ ሰጋና በዚያው በር ላይ የራሱን ጓጉንቸር ጨመረ። አንዱ ያለ ሌላው የማይከፍተው በር ሆነ። ልጆቹ ከየትም ለምነው ባመጡት ኳስ ይለማመዱ ጀመር።

እኔ ጣልቃ አልገባሁም። የቢሮ ጉዳይ ነው፣ የእኔ ሥራ ፋሻ ነው አልኩ።

የካቲት ላይ ቴፒ አቧራ ናት። ዝናቡ ይርቃል፣ የቡና መፈልፈያዎቹም ብናኝ ይጨመርበታል። በአንዱ ቅዳሜ ከሌላ ከተማ የመጣ ቡድን ገጠመን። ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ የክንፍ ተጫዋቻችን ሩጫውን አቁሞ ጉልበቶቹን ይዞ አጎነበሰ። የነካው ሰው የለም። ከዳር ሆኜ ትከሻው ሲነሳና ሲወድቅ አየሁት፤ ስደርስ ደረቱ ያፏጫል፣ ከንፈሩ መልኩን መለወጥ ጀምሯል። አስም ነው። ልጁ የራሱ መድኃኒት አልቆበታል። መጠባበቂያው ቬንቶሊን፣ ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው፣ በመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ሳጥኑ ዕቃ ቤት ነው። ዕቃ ቤቱ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አለ።

ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት፣ ወደ ፊት ትንሽ አዘነበልኩት፣ ማሊያውን አላላሁለት። ቃሬዛውም ከሳጥኑ ጋር ተቆልፎበታል፤ ጓደኞቹ ታቅፈውት ባጃጅ ውስጥ አስገቡት። እስከ ጤና ጣቢያው ያለውን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት ቁጥሩን አላውቀውም፣ የዚያን ቀን ያህል ረዝሞብኝ ግን አያውቅም። ኦክስጅንና መድኃኒቱን ሲያገኝ ትንፋሹ ተመለሰ። እናቱ ስትገባ "እማዬ ደህና ነኝ" ለማለት ደርሶ ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የከነከነኝ ሳጥኑ ብቻ አይደለም። ጋሼ ያን ልጅ በአቧራ ወቅት ከ30 ደቂቃ በላይ አያጫውቱትም ነበር። አዲሱ ኃላፊ ይህን አያውቅም፤ ልጁም ከቡድኑ እንዳይቀነስ ፈርቶ አልነገረውም። የእያንዳንዱን ልጅ ሕመም የጻፍንበት ደብተር ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነው። እኔስ? እኔ የሚያውቅ መስሎኝ ዝም አልኩ።

በነርስነት ሙያ መጀመሪያ ከሚማሩት ነገር አንዱ የተረኛ ርክክብ ነው። አዳር ያደረገችው ነርስ ጠዋት ለምትገባው ቁልፍ ወርውራላት አትሄድም። ከአልጋ አልጋ አብረው ይዞራሉ። "ይቺ ሌሊት ደም ፈሷት ነበር። ይሄ ፔኒሲሊን አይስማማውም። እኒህ አባት ሲያማቸው አይናገሩም፣ ፊታቸውን እዪ።" የመጨረሻው ዓይነት ነገር በካርድ ላይ አይጻፍም። ደክሞኛል ብላ ያን ሳትናገር የሄደች ነርስ ሰው ልትገድል ትችላለች። ኳስ ላይም እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ግን የዚያ ልጅ ከንፈር መጥቆር ነበረበት።

ነገሩን ሳስበው የአገራችን የኳስ ታሪክ ራሱ ይህንኑ ሲነግረን ኖሯል። ጥር 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ እኔ የአንቀልባ ልጅ ነበርኩ። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ ያወራልን ነበር። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ የተጫወቱ፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። ከሜዳ የተነሱ ናቸውና የሜዳውን እውቀት ይዘውት ነው ቢሮ የገቡት።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነገር አየን። የፌዴሬሽኑ ጠቅላላ ጉባኤ ፕሬዚዳንቱን ዶክተር አሸብር ወልደ ጊዮርጊስን አነሳ። እሳቸው አልተቀበሉም፣ ፊፋም ውሳኔውን አላጸደቀም። ማን ትክክል እንደነበር ዛሬ እኔ ቴፒ ቁጭ ብዬ አልፈርድም። የሆነውን ግን ሁሉም ያውቃል። ክርክሩ ሳይፈታ ሐምሌ ላይ ፊፋ ኢትዮጵያን አገደ፤ አዲሱ ዓመት 2001 ሲገባ ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታኒያ ጋር የተደለደለው ብሔራዊ ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ ከሚካሄደው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዘ። በስብሰባው ላይ እጁን ያላወጣ፣ ደብዳቤ ያልጻፈ ተጫዋች ላቡን ተቀማ።

ሌላውን የማውቀው በደንብ ነው፤ ጤና ጣቢያችን ውስጥ ከታካሚ ጋር ተጋፍቼ ስላየሁት። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለስንበት በ2005 ዓ.ም.፣ ሰኔ ላይ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። በሳምንቱ አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን ረታንና አገር በደስታ ሰከረ። ያ ደስታ ሳይበርድ፣ ቦትስዋና ላይ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች መሰለፉ ታወቀ። ለቦትስዋና 3 ለ 0 ተፈረደላት፣ ሦስት ነጥባችን ሄደ። ኋላ ምድቡን ማለፋችን ባይቀርም፣ እስከ ናይጄሪያው ግጥሚያ ድረስ ብንጓዝም፣ ያቺ ነገር አሁንም ትቆጨኛለች። መዝገብ አገላብጦ "ይሄ ልጅ ዛሬ አይገባም" የሚል አንድ ሰው ነበር የጠፋው። ነርስ እንዲህ ያለውን ስህተት ስታይ ሆዷ ይላወሳል።

ወደ ቴፒው ነገር ልመለስ። በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ የተቆላ ቡና ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። የልጁን ነገር ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ልቆጣቸው ነበር የሄድኩት። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እሳቸው ቀደሙኝ።

"ሲስተር፣" አሉኝ፣ "ስንት ሰው መጥቶ ቁልፉን ጠየቀኝ። የማውቀውን የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም።"

ቁጣዬ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምክንያቱም ይህን ቃል ከእሳቸው በፊት እኔ በልቤ ብዬዋለሁ።

አንባቢዎቼ፣ እውነቱን ልናገር። ጡረታ ስወጣ እኔም ቁልፍ አስረክቤያለሁ፤ ጓንቱን፣ ቴርሞሜትሩን፣ መዝገቡን አስቆጥሬ ፈርሜያለሁ። ያላስረከብኩት ለራሴ የምይዘውን ትንሽ ደብተር ነው። የትኛዋ እናት ለደም ግፊት ክትትል ሰው ካልላኩባት እንደማትመጣ፣ በክረምት መንገዱ የሚቆረጠው የትኛው ቀበሌ እንደሆነና በማን በኩል መልእክት እንደሚደርስ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ከቤተሰቡ ደብቆ የሚወስደው ማን እንደሆነ ያለበት ደብተር። መሸኛ ቡና እንኳ ያፈላልኝ ሰው ስላልነበረ አኩርፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ወጣሁ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላሉ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ያ ደብተር አራት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ማደሩ።

ለጋሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን።

ሰኞ ዕለት አዲሱን ኃላፊ አነጋገርኩት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እሱም ልጁ በታመመ ማግስት ሆስፒታል ያለ ያህል ከስቷል። "ሲስተር፣ የሚሉኝን አደርጋለሁ" አለ። "ቁልፉን አትጠይቃቸው፣" አልኩት፣ "ቤታቸው ሂድና ስለ ልጆቹ ንገሩኝ በላቸው።" ሄደ። ከምሳ በኋላ ገብቶ መሽቶ ነው የወጣው አሉ።

በዚያው ሳምንት ሁለቱም ጓጉንቸሮች ተፈቱ። ኮሚቴውም ተቋቋመ፣ ኳሱም መረቡም ተቆጠረ፣ ቃለ ጉባኤ ተፈረመ። ከዚያ ግን ጋሼና ወጣቱ ሜዳውን አብረው ዞሩ። ልጆቹ ሰውነት ሲያሟሙቁ ጋሼ በጣታቸው አንድ በአንድ እያሳዩ ይናገራሉ፣ እሱ ይጽፋል። የእኛ የአልጋ ዙር ማለት ነው። የክንፍ ተጫዋቻችን ዋንዛው ሥር ከእኔ ጋር ተቀምጦ ነበር፣ አዲሱን መድኃኒት ኪሱ ውስጥ ይዞ።

ይህን የምጽፈው ቤታችሁ ውስጥ፣ ቢሮአችሁ ውስጥ፣ ዕድራችሁ ውስጥ ሥራ የምታስረክቡም የምትረከቡም ስለምትኖሩ ነው። የምትረከቡ፣ ከቁልፉ በፊት ሰውየውን ጠይቁ፤ ደብዳቤውንም በሌላ ሰው እጅ አትስደዱበት። የምታስረክቡ፣ ብትከፉም ተናገሩ። ኩርፊያችሁ የሚያርፈው ባስከፋችሁ ሰው ላይ አይደለም፤ ምንም በማያውቅ ልጅ ላይ ነው።

እኔም በማግስቱ ጠዋት ደብተሬን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። በእኔ ቦታ ያለችው ልጅ ዕድሜዋ ከልጄ ያንሳል። ደብተሩን ስሰጣት ገለጠችና የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

"ሲስተር፣ እኚህን እናት እኮ ስፈልጋቸው ነበር፤ መዝገብ ላይ አሉ፣ መጥተው ግን አያውቁም። ቤታቸው የት ነው?"

"ተነሺ፣" አልኳት፣ "አሳይሻለሁ።"