ቡት አደረገ!

ይኼን ስጽፍ እንኳ ፈገግ እያልኩ ነው። አርም ፕሮሰሰር ያለው ሰርቨር ላይ ፍላሽ ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን የዴቢያን ሊኑክስ ማስጫኛ ሜኑ ብቅ ይላል፤ ቋንቋ ምረጥ፣ ሰዓት ምረጥ፣ ዲስክ ምረጥ፣ በቃ! ያንኑ ፍላሽ ነቅዬ ሌላ ፋብሪካ የሠራው ሌላ የአርም ሰርቨር ላይ ብሰካው ያው ሜኑ ይመጣል። ኮምፒውተር ዘንድሮ የጀመረ ልጅ «ታዲያ እንደዚያ አይደል እንዴ መሆን ያለበት?» ይለኛል። አዎ፣ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት! ግን ያን ቀን ስንጠብቅ የኖርን ሰዎች ደስታችንን የት እናድርገው?

በኢንቴል በኩል የነበረውን ታስታውሳላችሁ። የኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ «ፎርማት እናደርጋለን» ተብሎ ተለጥፏል፤ ልጁ አንዲት ሲዲ ይዞ የመጣለትን ሁሉ ይጭናል። ዴልም ይሁን ኤችፒ፣ ቶሺባም ይሁን ስሙ የማይታወቅ፣ ሲዲዋ አንድ ናት። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ባዮስ የሚባል ፕሮግራም አብሮት ነበር፤ ሌሎቹ ፋብሪካዎችም ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ማሽኑ ሲበራ ባዮሱ ቀድሞ ይነሣል፣ ዲስኩን ያገኛል፣ ሥራውን ለማስጫኛው ያስረክባል። አርም ዘንድ እንዲህ ያለ ወግ አልነበረም።

ሊኖረውም አይችልም ነበር። የመጀመሪያው የአርም ቺፕ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1985 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ውስጥ፣ አኮርን በተባለው ኩባንያ ሥራ ጀመረ። የትእዛዝ ቋንቋውን ያሰናዱት ሶፊ ዊልሰን፣ ቺፑን የነደፉት ስቲቭ ፈርበር ናቸው። በ1987 የወጣው አርኪሜዲስ የተባለው ኮምፒውተራቸው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ሮም ቺፕ ውስጥ ተቀርጾ ይዞት ነበር የሚመጣው፤ ስታበራው ዝግጁ ነው፣ የምትጭነው ነገር የለም። ከዚያ በኋላ አርም ስልክና ራውተር ውስጥ ገባ። እዚያ ደግሞ ሶፍትዌሩን አንዴ ፋብሪካው ይጭነዋል፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ተነሥቶ «እኔ ደስ ያለኝን ልጫንበት» ይላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

እኛ ደግሞ ያንን ነበር የምንለው!

ችግሩ የቱ ጋ እንደነበር ላሳያችሁ። ኢንቴል ማሽን ላይ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ተነሥቶ «እዚህ ቤት ማን ማን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ያገኛል። አርም ላይ መልስ ሰጪ የለም። አንዱ ቺፕ ሠሪ ሲሪያል ፖርቱን በአንድ የሚሞሪ አድራሻ ያስቀምጠዋል፣ ሌላው በሌላ፤ ከርነሉ አስቀድሞ ካልተነገረው በጨለማ ነው የሚዳክረው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቦርድ በሊኑክስ መዝገብ ላይ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። ሲነሣ ያንን ቁጥር ለከርነሉ ይሰጣል፤ ከርነሉም ለዚያ ቦርድ ብቻ የተጻፈለትን ኮድ ያወጣል። ለአንዱ ቺፕ የተሠራው ከርነል ለሌላው ቺፕ አይሆንም። ማስጫኛ ፍለጋ የወጣ ሰው «አርም» ብሎ ብቻ አይፈልግም ነበር፤ የቦርዱን ስም፣ የቺፑን ቁጥር፣ አንዳንዴም ስንተኛ እትም እንደሆነ ይዞ ነው የሚወጣው።

እንደዚያም ሆኖ እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ሊንክሲስ ኤንኤስኤልዩ2 የምትባል፣ መጽሐፍ የምታክል ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ ሥራዋ ሃርድ ዲስክን ኔትወርክ ላይ ማውጣት ነው። ያላት ሚሞሪ 32 ሜጋባይት። ስክሪን የላት፣ ኪቦርድ የላት። በ2007 ዴቢያን 4.0 ሲወጣ እሷ ላይ በማስጫኛው መጫን ተቻለ! እንዴት አትሉም? ማስጫኛውን በኔትወርክ ገመድ ወደ ፍላሽ ሚሞሪዋ ትልካለህ፤ ራሷን አጥፍታ ትነሣለች፤ ከዚያ ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች ትገባለህ። የተጠቃሚው ስም «ኢንስቶለር»፣ የይለፍ ቃሉ «ኢንስቶል»። ያ ሰማያዊ ሜኑ፣ የምናውቀው የዴቢያን ሜኑ፣ ፊት ከሌላት ሣጥን ውስጥ ወጥቶ ስክሪናችን ላይ ይሞላል! መጫኑ ሰዓታት ይፈጃል፤ መብራት እንዳይሄድ እየጸለይን እንጠብቃለን፤ ሲያልቅ ግን መዳፍ ላይ የምትቀመጥ፣ ማራገቢያ የሌላት፣ ድምፅ የማታሰማ እውነተኛ የሊኑክስ ሰርቨር አለችን።

ከዚያ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 መጣ፤ ራስፕበሪ ፓይ፣ በ35 ዶላር! ፓይ ላይ ቀድሞ የሚነቃው የአርም ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ የግራፊክስ ቺፑ ነው። እሱ ሚሞሪ ካርዱን ከፍቶ ፋይሎቹን ያነባል፣ ከርነሉን ያስቀምጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው አርሙን «ተነሥ» የሚለው። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀስተ ደመናው ካሬ ብልጭ ብሎ ሲጠፋ ልብ ቀጥ ይላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ወይ የእንጆሪው ሥዕልና የፊደል ጎርፍ ነው፣ ወይ ጨለማ። ጨለማ ከሆነ ደግሞ ቦርዱ ጥግ ያለችው አረንጓዴ መብራት ትናገራለች፤ ሰባት ጊዜ ብልጭ ብልጭ ካለች ከርነሉን ካርዱ ላይ አላገኘሁትም ማለቷ ነው። እኛም እንደ ጤና ባለሙያ ጎንበስ ብለን እንቆጥር ነበር።

የሲሪያል ገመዱንስ ማን ይረሳዋል? ጥቁሩ ሽቦ ስድስተኛው ፒን ላይ፣ ነጩ ስምንተኛው ላይ፣ አረንጓዴው አሥረኛው ላይ፤ ቀዩ ለብቻው ይቀራል፣ ፓይው የራሱ ቻርጀር አለውና። ፍጥነቱ 115200። ኤሌክትሪኩን ስትሰካ ባዶ በነበረው መስኮት ላይ ፊደሎቹ ዝርግፍ ዝርግፍ ይላሉ። እንደ ቢግልቦርድ ባሉ ሌሎች የአርም ቦርዶች ላይ ደግሞ ዩቡት የሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ቆጠራ ይጀምራል፤ ዜሮ ሳይደርስ አንድ ቁልፍ መጫን አለብህ፤ ከዚያ ከርነሉን ከካርዱ አንሥተህ የት አድራሻ ላይ እንደሚያስቀምጠው በእጅህ ጽፈህ ትነግረዋለህ። «ቡት አደረገ!» ብሎ መጮህ የመጣው ከዚያ ነው። ጎረቤት ይሰማል፣ እናት ከጓዳ «ምን ሆንክ?» ትላለች፣ ማን ግድ አለው!

ለውጡ የመጣው በጥቂት ሰዎች ቁጣና በብዙ ሰዎች ትዕግሥት ነው። በ2011 የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የአርም ኮድ መዝረክረክ አንገሽግሾት በግልጽ ተናገረ። ከዚያ በፓወርፒሲ በኩል ይሠራበት የነበረው ዲቫይስ ትሪ ወደ አርም ገባ፤ በቦርዱ ላይ ምን ምን እንዳለ፣ የት የት እንደተቀመጠ የሚዘረዝር ፋይል ነው። ከርነሉ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠበቅበት። በዲሴምበር 2012 የወጣው ሊኑክስ 3.7 አንድ የአርም ከርነል በተለያዩ ቺፖች ላይ እንዲነሣ አደረገ። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ቀን ያ ነው፤ ዋንጫ ቢኖር ለእሱ ነበር የምሰጠው። በ2014 ደግሞ አርም ከአጋሮቹ ጋር የሰርቨር ደንብ አወጣ፤ ዩኢኤፍአይም የባዮስን ወንበር ያዘ።

አሁንማ! የእህቴ ልጅ ኤም2 ማክቡኳ ላይ ቨርቹዋል ማሽን ከፍታ «አጎቴ፣ የቱን ላውርድ፣ ኤኤምዲ64 ወይስ አርም64?» ትለኛለች። አርም64 አልኳት፤ ቡናው ሳይፈላ ጨረሰች። አፕል አንዲት የሰነድ ገጽ ሳይሰጣቸው የአሳሂ ሊኑክስ ልጆች የማኩን ኤም1 ቺፕ ራሳቸው ፈትሸው፣ በማርች 2022 ከማክ ተርሚናል በአንድ ትእዛዝ የሚጀምር ማስጫኛ አወጡ። ማይክሮሶፍት በ2012 ዊንዶውስ አርቲን ሲያወጣ ሌላ ሲስተም እንዳይነሣበት ቆልፎት ነበር፤ በ2024 መጨረሻ ግን የዊንዶውስ 11ን የአርም ማስጫኛ ለማንም እንዲወርድ ለቀቀው። ፓይ 4 ደግሞ ካርዱ ባዶ ቢሆን እንኳ የኔትወርክ ገመድ ሰክታችሁ ሺፍት ስትጫኑ ማስጫኛውን ራሱ ከኢንተርኔት ያመጣል!

ሥራው አላለቀም። ብዙ የአርም ላፕቶፖች ዛሬም በየሞዴላቸው ዲቫይስ ትሪ ይጠብቃሉ፤ የስልኮቻችን ማስነሻ ፕሮግራም፣ ቡትሎደሩም፣ አብዛኛው እንደተቆለፈ ነው። ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ሰው የወደደውን እንዲጭንበት እስኪፈቀድ ድረስ መጠየቅ አለብን፤ ስንገዛም «ቡትሎደሩ ይከፈታል ወይ?» እንበል።

መሳቢያችሁ ውስጥ የመጀመሪያው ራስፕበሪ ፓይ የተኛላችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ አውጡት። ባለ 32 ቢቱ ራስፕበሪ ፓይ ኦኤስ አሁንም ይነሣበታል።