ኳሷን ማን ይሳት?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በ1981 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣውን «ኤስኬፕ ቱ ቪክትሪ» የተባለውን ፊልም ያየ ሁሉ የሚያወሳው ፔሌ በአየር ላይ ተገልብጦ ያገባትን ጎል ነው። እኔ ግን የማስበው ቬርነር ሮትን ነው። በኒውዮርክ ኮስሞስ ከፔሌ ጋር የተጫወተው ይህ ሰው በፊልሙ የጀርመኖች አምበል ሆኖ የመታትን ፍጹም ቅጣት ምት ተዋናዩ ስታሎን ያዘበት።

ዛሬ አዲስ ፊልም ቢሠራ፣ ለመሳት እሺ የሚል ዝነኛ ተጫዋች ይገኛልን? መምህር ሳለሁ በተማሪዎች ቴያትር ሌባ ለመሆን ሁሉም እንቢ ቢሉኝ ለአንድ ድኻ ልጅ ሰጠሁት፤ ዓመቱን ሙሉ «ሌባው» ተባለ። ንጉሥ ለሆነው፣ ሁሉ ለሚያከብረው ልጅ መስጠት ነበረብኝ።

ስለዚህ የሚስተውን ሰው ምባፔ ይጫወተው እላለሁ። በዚያው አቈጣጠር በ2021 የስዊዘርላንዱ በረኛ ይዞበት ያውቃልና ፊቱን እንዴት እንደሚያደርግ አይጠፋውም።